ዓመታትን አድብቶ የሚከሰተው የጉበት ካንሰርና መከላከያው

አብዛኞቹ የጉበት ካንሰር ሕሙማን በበሽታው መያዛቸውን የሚያውቁት ሆዳቸው ሲያብጥ፣ ክብደታቸው ሲቀንስ ወይም የዓይናቸው ነጭ ክፍል ቢጫ ሆኖ ወደ ሕክምና ተቋም ሲሄዱ ነው። በዚያን ጊዜ በሽታው ለታማሚውም ሆነ ለቤተሰቡ ድንገት የመጣ ይመስላል። ይሁንና አብዛኛው የጉበት ካንሰር ድንገተኛ አይደለም። መነሻው ካንሰሩ ከመታየቱ ከሃያና ከሠላሳ ዓመታት በፊት፣ ብዙውን ጊዜም በጨቅላነት ዕድሜ የተከሰተ የቫይረስ ኢንፌክሽን ነው። በሽታውን ከብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች የሚለየውም ይኸው ነው። መንስኤው በአብዛኛው የታወቀ በመሆኑ አስቀድሞ በክትባት፣ በምርመራና በመድኃኒት መግታት ይቻላል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ጉበት ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ግራም ተኩል ያህል የሚመዝን አካል ነው። ከምግብ የተገኙ ንጥረ ነገሮችን ያዘጋጃል፤ መርዛማ ነገሮችን ያጣራል፤ ለደም መርጋት የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖችን ያመርታል፤ ሐሞትንም ያመነጫል። በጉበት ላይ የሚታይ ካንሰር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከአንጀት፣ ከጡት፣ ከሳንባ ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነስቶ ወደ ጉበት የሚዛመት ነው። ሁለተኛው ከራሱ ከጉበት የሚነሳ ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም በዚሁ ላይ ነው። ከጉበት ከሚነሱት ካንሰሮች ውስጥ ከ75 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው ከዋናዎቹ የጉበት ሕዋሳት የሚጀምር ሲሆን፣ ከቀሪው አብዛኛው በጉበት ውስጥ ካሉ የሐሞት ቱቦዎች ይነሳል።

የበሽታው ስርጭት

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያወጣው መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ከ865 ሺህ በላይ ሰዎች በጉበት ካንሰር የተያዙ ሲሆን፣ ከ757 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሽታው በተያዦች ቁጥር ከካንሰር ዓይነቶች ስድስተኛ፣ በሚያስከትለው ሞት ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። በአንድ ዓመት የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር በዚያው ዓመት ከሚያዙት ጋር ይህን ያህል መቀራረቡ በሽታው ምን ያህል ገዳይ እንደሆነ ያሳያል። ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጠቃሉ። ከፍተኛው ስርጭት የሚታየውም በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ እስያ እንዲሁም ከሰሃራ በታች በሚገኙ የአፍሪካ አገሮች ነው።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች የሚገኙ ከ2 ሺህ 500 በላይ ሕሙማንን መረጃ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የአህጉሩን ገጽታ በግልጽ አሳይቷል። በጥናቱ ከተካተቱት አገሮች ከግብፅ በስተቀር በሌሎቹ የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 46 ዓመት ነበር። በግብፅ ግን 58 ዓመት ነው። በሽታው ከታወቀ በኋላ በግብፅ ሕሙማኑ በአማካይ 11 ወራት ገደማ ሲኖሩ፣ በሌሎቹ አገሮች ግን የቆዩት ሁለት ወር ተኩል ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር ካንሰሩ በእነዚህ አገሮች የሚያጠቃው ቤተሰብ የሚያስተዳድርና ሥራ ላይ ያለ የኅብረተሰብ ክፍልን ሲሆን፣ ሕሙማኑ ወደ ሕክምና የሚደርሱትም በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ዋነኛው መንስኤ

የጉበት ካንሰር ዋነኛ መንስኤ ሔፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ መሆኑ በማያሻማ መንገድ የተረጋገጠው በመንግሥት ሠራተኞች ላይ በተካሄደ ጥናት ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በታይዋን 22 ሺህ 707 ወንዶች፣ በአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኞች፣ ደማቸው ተመርምሮ ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ከእነዚህ መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው 3 ሺህ 454 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱ ይፋ ሲደረግ በጉበት ካንሰር ከተያዙት 41 ሰዎች ውስጥ 40ዎቹ ቫይረሱ የተገኘባቸው ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ቫይረሱ ያለበት ሰው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት ሰው በ223 እጥፍ እንደሚበልጥ አስታውቀዋል።

ቫይረሱን በ1960ዎቹ ያገኙት አሜሪካዊው ተመራማሪ ባሩክ ብሉምበርግ ሲሆኑ፣ ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ነው። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በሕፃናት መካከል በቁስልና በጭረት፣ ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ባልተመረመረ ደም እንዲሁም በጋራ በሚጠቀሙባቸው መርፌዎች፣ ምላጮችና ሌሎች ስለታማ ነገሮች ይተላለፋል። በመጨባበጥ፣ በአንድ ማዕድ አብሮ በመብላት ወይም በአንድ ቢሮ አብሮ በመሥራት አይተላለፍም።

ወሳኙ ነገር ቫይረሱ የሚይዝበት ዕድሜ ነው። በወሊድ ጊዜ ከሚያዙ 100 ሕፃናት ውስጥ በ90 ገደማ ቫይረሱ ዕድሜ ልክ ይቆያል። በአዋቂነት ከሚያዙት ውስጥ ግን ቫይረሱ በሰውነታቸው የሚዘልቀው ከ5 በመቶ ባነሱት ላይ ነው። ቫይረሱ በጉበት ውስጥ ሲቆይ ተደጋጋሚ ቁስለት ያስከትላል። ጉበት የተጎዱትን ሕዋሳት ለመተካት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ጠባሳ እየበዛ ይሄዳል፤ ይህም ሲሮሲስ ወደሚባለው የጉበት መጠጠር ያደርሳል። ከብዙ ዓመታት በኋላም አንዳንዶቹ ሕዋሳት ከቁጥጥር ውጭ መባዛት ይጀምራሉ። ከዚህም ሌላ ቫይረሱ የራሱን ዘረመል ከጉበት ሕዋስ ዘረመል ጋር ስለሚያዋህድ ሲሮሲስ በሌለበትም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ከሔፓታይተስ ቢ፣ 50 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ከሔፓታይተስ ሲ ጋር ይኖሩ እንደነበር ገልጿል። ከዚህ ጫና ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን ይሸከማሉ ብሎ ከዘረዘራቸው አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በአገሪቱ የተካሄዱ በርካታ ጥናቶችን አጠቃሎ የተነተነና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጽሑፍም የሔፓታይተስ ቢ ስርጭትን 7 ነጥብ 4 በመቶ፣ የሔፓታይተስ ሲን ደግሞ 3 ነጥብ 1 በመቶ አድርሶታል። እንደ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ያሉ ኢትዮጵያዊ ሐኪሞች እነዚህ ቫይረሶች በአገሪቱ ለሚታየው የጉበት በሽታ ያላቸውን ድርሻ ማጥናት የጀመሩት ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነበር።

ሆኖም ቫይረሱ በደሙ የሚገኝ ሰው ለዓመታት ምንም ምልክት ላይታይበት ይችላል። ብዙዎች ውጤታቸውን የሚያውቁት በአጋጣሚ፣ ደም ሲለግሱ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለመሄድ የጤና ምርመራ ሲያደርጉ ነው። በዚህ መንገድ ውጤቱን የሰማ ሰው ጉዞው ከመሰናከሉ ባሻገር ሊያስጨንቀው የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ የጉበቱ ሁኔታ በሐኪም ሊታይና በየጊዜው ክትትል ሊደረግለት እንደሚገባ ነው።

በኅብረተሰቡ ዘንድ የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን «የወፍ በሽታ» እየተባለ ይጠራል፤ መንስኤውም ከሌሊት ወፍ ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ይታመናል። በዚህም ሳቢያ ብዙ ሕሙማን ወደ ጤና ተቋም ከመምጣታቸው በፊት በባሕላዊ መድኃኒት ረዘም ያለ ጊዜ ያሳልፋሉ። ቢጫነቱ ግን ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ጉበት መጎዳቱን ወይም የሐሞት መተላለፊያ መዘጋቱን የሚያመለክት ምልክት ነው። አንዳንድ ዕፅዋትም የተጎዳን ጉበት ይበልጥ ሊጎዱ እንደሚችሉ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ።

ሌሎች መንስኤዎች

ሔፓታይተስ ሲ ሌላው ዋና መንስኤ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ለረጅም ጊዜና በብዛት የሚወሰድ የአልኮል መጠጥ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታ በጉበት ላይ ስብ እንዲከማች፣ ጉበቱም እንዲጠጥር በማድረግ ለካንሰር ያጋልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናትም ጫት መቃም ለረጅም ጊዜ ከሚቆይ የጉበት በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው አመልክቷል።

ከጤናው ዘርፍ ውጭ ያሉ መሥሪያ ቤቶችን በቀጥታ የሚመለከተው መንስኤ አፍላቶክሲን ነው። አፍላቶክሲን እርጥበት ባልወጣለትና በሙቀት ውስጥ በተከማቸ እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። በዓለም ትኩረት የሳበው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች ከሞቱ በኋላ ነበር፤ በምርመራም ሞቱ የተከሰተው ዶሮዎቹ በተመገቡት የለውዝ መኖ ምክንያት መሆኑ ታወቀ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ መርዙን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

በኢትዮጵያ በለውዝ፣ በበቆሎና በበርበሬ ላይ መርዙ መገኘቱን ጥናቶች አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ በአዲስ አበባና አካባቢዋ በሚመረት ወተት ውስጥ የዚህን መርዝ ቅሪት ያገኘ ሲሆን፣ ከምንጮቹ ዋነኛው ለላሞች መኖነት የሚውለው የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል። መርዙ በተለመደው የማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። በመሆኑም መከላከል የሚቻለው ሰብሉን በጊዜ በመሰብሰብ፣ በሚገባ በማድረቅ፣ ከመሬት ከፍ ባለና አየር በሚዘዋወርበት ጎተራ ወይም አየር በማያስገባ ከረጢት በማከማቸት እንዲሁም የሻገተውን ለይቶ በማስወገድ ነው።

የሁለቱ መንስኤዎች መደራረብ አደጋውን እጅግ ያባብሰዋል። በቻይና ሻንጋይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት ለአፍላቶክሲን ብቻ የተጋለጡ ሰዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ3 ነጥብ 4 እጥፍ፣ ሔፓታይተስ ቢ ብቻ ያለባቸው ደግሞ በ7 ነጥብ 3 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሁለቱም በአንድነት የተገኙባቸው ሰዎች ግን ዕድላቸው በ59 እጥፍ ጨምሯል። ስለዚህ በእህል መጋዘን የሚደረግ ጥንቃቄ ቫይረሱ በደማቸው ላለ ወገኖች ካንሰርን የመከላከል ሥራ ጭምር ነው።

ምርመራና ሕክምና

የጉበት ካንሰር በጅምሩ ሕመም አይሰማም። ምልክቶቹ ማለትም በቀኝ በኩል ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ድካም፣ ሆድ ውኃ መቋጠርና ቢጫ መሆን የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ዕጢው ካደገ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ሲሮሲስ ያለባቸውና በሔፓታይተስ ቢ ሳቢያ ለካንሰሩ ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑ ሰዎች በየስድስት ወሩ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል። አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለው የደም ምርመራም አብሮ ይሠራል። በሻንጋይ ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ በታተመ ጥናት በየስድስት ወሩ ሁለቱን ምርመራዎች ባደረጉ ሰዎች ዘንድ በጉበት ካንሰር የሚከሰተው ሞት በ37 በመቶ ቀንሷል። በአልትራሳውንድ አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ የሚደረግ ምርመራ ውጤቱን ያረጋግጣል።

ሕክምናው የሚወሰነው በዕጢው ስፋትና ብዛት፣ በቀሪው ጉበት ጤንነትና በሕመምተኛው አቅም ነው። ዕጢው ትንሽ ሆኖ ጉበቱ በደህና ሁኔታ ላይ ሲገኝ በቀዶ ሕክምና ቆርጦ ማውጣት ወይም በቆዳ በኩል በሚገባ መርፌ በሙቀት ማቃጠል ይቻላል። ሲሮሲስ ላለባቸው ደግሞ የጉበት ንቅለ ተከላ ካንሰሩንም ሆነ የተጎዳውን ጉበት በአንድ ጊዜ ያስወግዳል። በጣሊያን ሚላን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ስፋቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ አንድ ዕጢ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጡ እስከ ሦስት ዕጢዎች ያሏቸው ሕሙማን ንቅለ ተከላ ሲደረግላቸው ከአራት ዓመት በኋላ 75 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት እንደሚቆዩ አሳይቷል። መስፈርቱ እስካሁን ያገለግላል። ይሁን እንጂ ንቅለ ተከላ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚገኝ አገልግሎት አይደለም።

ከዚህ ደረጃ ላለፈ፣ ነገር ግን ከጉበት ላልወጣ ካንሰር ዕጢውን በሚመግበው የደም ሥር በኩል መድኃኒት ሰጥቶ የደም ሥሩን የመዝጋት ሕክምና ይሰጣል። ለተስፋፋው ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቅም ላይ የዋለው ሶራፌኒብ የተባለው እንክብል የሕሙማንን ዕድሜ በአማካይ በሦስት ወራት ገደማ ማራዘሙ በወቅቱ እንደ ትልቅ እመርታ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያነቃቃው አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት በጥምረት መሰጠት ሲጀምር ውጤቱ ይበልጥ ተሻሽሏል፤ በጥናቱ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ሕሙማን 67 በመቶ ሲሆኑ፣ በሶራፌኒብ የታከሙት ግን 55 በመቶ ገደማ ነበሩ። እነዚህ መድኃኒቶች ዋጋቸው ከፍተኛ ነው፤ በአብዛኛውም ዕድሜ ያራዝማሉ እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅሉም።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከዚህ ሁሉ በላይ ውጤታማ የሆነው መንገድ መከላከል ነው። የሔፓታይተስ ቢ ክትባት ካንሰርን በመከላከል የመጀመሪያው ክትባት ነው ለማለት ይቻላል። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ለጨቅላ ሕፃናት ክትባቱን በአገር አቀፍ ደረጃ መስጠት ከጀመረች በኋላ በሕፃናት ላይ የሚከሰተው የጉበት ካንሰር በየዓመቱ ከ100 ሺህ ሕፃናት ከ0 ነጥብ 70 ወደ 0 ነጥብ 36 መውረዱ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ሆኗል።

ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የጥምር ክትባት ስትጀምር የሔፓታይተስ ቢ ክትባትም በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ተካቷል። ይህ ጥምር ክትባት የሚጀምረው ሕፃኑ 6 ሳምንት ሲሞላው ነው። ከእናት ወደ ልጅ የሚደረገው መተላለፍ ግን በወሊድ ጊዜ የሚከሰት በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመክራል። ነፍሰ ጡሮችን መመርመርና በደማቸው የቫይረሱ መጠን ከፍተኛ ለሆነባቸው ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት መስጠትም መተላለፉን ይበልጥ ይቀንሳል።

ከክትባቱ ታሪክ ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ ግን በቀላሉ ይዘነጋል። ዛሬ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኙት ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ክትባቱ ከመጀመሩ በፊት የተወለዱ ናቸው። በመሆኑም የሕፃናቱ ክትባት እነርሱን አልደረሳቸውም። ለእነርሱ ያለው አማራጭ አንድ ጊዜ ደማቸውን ተመርምረው ቫይረሱ ከሌለባቸው መከተብ፣ ካለባቸው ደግሞ ክትትል መጀመር ነው። መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በየቀኑ ቴኖፎቪርን ቢወስዱ ቫይረሱ ይገታል፤ በካንሰር የመያዝ ዕድላቸውም ይቀንሳል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው የሔፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ከ1 ሺህ በላይ ሕሙማንን ተቀብሎ መከታተሉ አገልግሎቱ በአገር ውስጥ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። ሔፓታይተስ ሲ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ሳምንታት በሚወሰድ እንክብል ከ95 በመቶ በላይ በሆኑ ሕሙማን ላይ ይድናል።

መንግሥታዊ ቁርጠኝነት ምን ሊያስገኝ እንደሚችል የግብፅ ተሞክሮ ያስረዳል። በዚያች አገር ሔፓታይተስ ሲ በስፋት የተሠራጨው ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ለቢልሃርዚያ ሕክምና በተሰጡና በሚገባ ባልጸዱ መርፌዎች ሳቢያ ነበር። ከጥቅምት 2018 እስከ ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ባሉት ሰባት ወራት ግን ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ አዋቂ ሕዝብ ተመርምሮ ቫይረሱ የተገኘባቸው በነፃ ታክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅ በሽታውን ለማጥፋት ባደረገችው ጥረት የላቀ ደረጃ ላይ መድረሷን በይፋ አረጋግጧል። ስህተቱ የተፈጸመው በሕክምና ሥርዓቱ ውስጥ ነበር፤ የታረመውም በዚሁ ሥርዓት ነው።

የዓለም ጤና ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2016 ባጸደቀው ግብ መሠረት እስከ 2030 በሔፓታይተስ አዲስ የሚያዙ ሰዎችን በ90 በመቶ፣ የሚሞቱትን ደግሞ በ65 በመቶ ለመቀነስ ታቅዷል። የጤና ተቋማት አዲስ የተወለደን ሕፃን በወቅቱ እንዲከተቡ፣ የደም ባንኮችና የውጭ ሥራ ስምሪት መርማሪዎች ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ወደ ክትትል እንዲልኩ፣ የግብርናና የንግድ ተቋማት የእህልና የመኖ ክምችትን እንዲቆጣጠሩ፣ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኞቻቸው ያለ መገለልና ያለ ፍርሃት እንዲመረመሩ ማድረግ የዚህ ግብ መዳረሻ መንገዶች ናቸው። የዓለም የሔፓታይተስ ቀን በየዓመቱ ሐምሌ 21 ቀን የሚከበረው ቫይረሱን ያገኙት የባሩክ ብሉምበርግ የልደት ቀን በመሆኑ ነው። የእርሳቸው ግኝት ከተበሰረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ በተወለደበት ቀን የሚከተብ ሕፃን ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ በዚህ በሽታ ምክንያት ቤተሰቡን ሳያሳድግ እንዳይቀር የሚያደርገው እርምጃ በእነዚሁ ተቋማት እጅ ይገኛል።